የመኪናዎን የኤሌክትሪክ ሥርዓት እንዴት መረዳትና መመርመር ይችላሉ?

ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠራ መኪና ባትሪውን የሚጎዳበት ሙቀቱ ነው። በውስጡ ያለው ውኃ ይተናል፣ የእርሳስ ሰሌዳዎቹም ቶሎ ይበላሉ። ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሌላ ቦታ ነው። መኪናው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ያድርና ጠዋት በብርዱ አልነሳ ይላል። በቅዝቃዜ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተሩ ዘይትም ይወፍራል፤ ሙቀቱ ያደከመው ባትሪ የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክን መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ ችግሩ የታየበት ቦታና ችግሩ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር የቆመች መኪናዬ ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ብላ ዝም አለች። ባትሪው ሞቷል ተባልኩና አዲስ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው «ቀጭ» ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይቀየር ተባለ። ሞተሪኖ ከመግዛቴ በፊት መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ገዛሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም በዚያ መሣሪያ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ፣ ዑደቱን ይያዙ

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ፣ በፊውዝና በማብሪያ አልፎ፣ መብራቱን ወይም ሞተሪኖውን አሠርቶ፣ ወደ ኔጋቲቭ መመለስ አለበት። የመመለሻው መንገድ በአብዛኛው ሽቦ አይደለም፤ የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ሰው ሁሉ መሄጃውን ይመረምራል፣ መመለሻውን ይረሳል። ፍሬቻ ሲያበሩ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አምፖል አይግዙ። የዚያ መብራት መመለሻ ስለላላ ወይም ስለዛገ ኤሌክትሪኩ በሌላው አምፖል በኩል መውጫ እየፈለገ ነው።

ሁለተኛ፣ ሦስት ቁጥሮች ይመዝግቡ

ሰዓትዎንና ቀለበትዎን ያውልቁ። በባትሪ አጠገብ እሳትም ሲጋራም አይኑር፣ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። ባትሪውን መፍታት ካስፈለገ ኔጋቲቩን ያስቀድሙ፤ በፖዘቲቩ ከጀመሩ መፍቻው የመኪናውን ብረት ሲነካ ከባድ ብልጭታ ይፈጠራል።

መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት 20 ላይ ያድርጉ። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ በማለዳ ይለኩ። 12.6 ቮልት ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሥራውን ስለሚጀምር ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ይታያል። በአዳዲስ መኪናዎች ዲናሞውን የሚያዘው ኮምፒውተር ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። መብራትና ማቀዝቀዣ ሲበራ 12.4 ላይ ቆሞ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ፣ ከዚያም ዲናሞውን ራሱን ይዩ።

ሦስተኛ፣ መንገድ ላይ የሚቀረውን ጉልበት ይፈልጉ

ይህን ደረጃ አይዝለሉት። እኔን ከአላስፈላጊ ወጪ ያዳነኝ እሱ ነው።

የዛገ ማያያዣ በተራ ፍተሻ ደህና ይመስላል። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ በሆነበት ወር የድልድይ ጥንካሬ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ሽቦም የሚፈተነው ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው። ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 አምፒር በላይ ይስባል፤ ፈተናው ያኔ ነው።

ማርሹን ዜሮ ያድርጉ (አውቶማቲክ ከሆነ ማቆሚያው ላይ)፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ እጅና ልብስዎን ከቺንጋው ያርቁ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እግር ላይ፣ ቀዩን ደግሞ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያስነኩ። ማሰሪያውን ሳይሆን የባትሪውን እግር ራሱን መንካት አለበት፤ ዝገቱ የሚሸሸገው በሁለቱ መካከል ነው። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር የሚታየው ቁጥር ለዜሮ መቅረብ አለበት። ከ0.3 ቮልት ከበለጠ መመለሻው ታሟል።

የእኔ 1.6 አሳየ። ከባትሪው ከወጣው ላይ 1.6 ቮልቱ ሞተሪኖውን ሳይጠቅም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። በእጅ ባትሪ ብርሃን ከሥር ብፈልግ፣ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የሽቦ ጥልፍ በብሎኑ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ አገኘሁት። ፈትቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጌ፣ መልሼ አጥብቄ አሰርኩት። ቁጥሩ ወደ 0.1 ወረደ፣ መኪናዋም በአንድ ዙር ተነሳች። አሮጌው ባትሪ ምንም አልነበረበትም።

ፖዘቲቩንም እንዲሁ ይለኩ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ እግር እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ብሎን ድረስ ከ0.5 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም።

ፊውዝ

አጭር ነገር ነው። ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፒር ነው። የተቃጠለውን በዚያው ልክ ይተኩ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ በ10 ቦታ 30 ያስገባ ሰው ቀጥሎ የሚቃጠለውን ሽቦውን አድርጎታል።

ኮምፒውተሮቹ ሲነጋገሩ

ድሮ እያንዳንዱ ማብሪያ የራሱ ሽቦ ነበረው። ዛሬ የመስኮት ማብሪያ ሲጫኑ አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው መልእክት ይልካል። ቦሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው «ካን» የተባለው ዘዴ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ብዙ ኮምፒውተሮችን ያገናኛል። በሁለቱ ጫፎች የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ፣ እያንዳንዱ 120 ኦም የሆነ ሬዚስተር አለ። ስለዚህ ባትሪው ተፈትቶ፣ ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት 6ኛውንና 14ኛውን ቀዳዳ መልቲሜትሩን በኦም ላይ አድርገው ሲለኩ በብዙ መኪናዎች 60 ኦም ገደማ ይገኛል። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል፤ ለዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ባትሪ ሲደክም ኮምፒውተሮቹ ስለሚደናገሩ ክሩስኮቱ ላይ አምስትና ስድስት መብራት በአንድ ጊዜ ሊበራ ይችላል፤ የፍሬን፣ የመሪ፣ የሞተር። መመርመሪያው የስሕተት ኮድ ሲያነብልዎ የተጠቀሰውን ዕቃ ለመግዛት አይቸኩሉ። ኮዱ የሚነግርዎ ኮምፒውተሩ ያልተለመደ ነገር የት እንዳየ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው ለመካኒኩ ይስጡት፤ ሥራውን ከዚያ ይጀምር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። በእነዚህ ላይ ብርቱካናማ ሽቦ ካዩ አይንኩ፤ በብዙዎቹ ላይ 400 ቮልት ገደማ ያልፍበታል፣ ይገድላል፤ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዉት። ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግን እነሱም ውስጥ አለች፣ የትልቁን ባትሪ መስመር የምትከፍተውም እሷ ናት። ስለዚህ ክሩስኮቱ ጨልሞ መኪናው እንቢ ሲል፣ ትልቁ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ተሞልቶ ያደረ ቢሆንም፣ መጀመሪያ የሚለካው የእሷ ቮልት ነው።