ቀዝቃዛ የከርከዴ፣ የጠጅ ሳርና የጦስኝ ሻይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ አዋሽ ወይም ጋምቤላ ለሚኖር ሰው ቀዝቃዛ መጠጥ ምን እንደሚጠቅም መንገር አያስፈልግም። አዲስ አበባም ቢሆን የሚያዝያ ፀሐይ ሲከር ወደ ለስላሳ የሚሮጥ ቤት ብዙ ነው። ከርከዴው፣ ጠጅ ሳሩ፣ ጦስኙና ናናው ግን ገበያ ላይ አለ። ቤት ከተሠራ ስኳሩን የምንወስነው እኛው ነን።

ብዙ ሰው ግን አንዴ ሞክሮ «ውሃ ውሃ ይላል» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የቅጠሉ አይደለም። ለትኩስ ሻይ የለመድነውን መጠንና አፈላል ሳንቀይር ስለምናቀዘቅዘው ነው። መጠጥ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱም መዓዛውም ቀንሶ ይሰማናል።

በትኩስ ሻይ መጠን መሥራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቅዝቃዜው ጣዕሙን ይቀንሰዋል፣ በረዶው ደግሞ ሲቀልጥ ያቀጥነዋል። ስለዚህ ቅጠሉ እጥፍ መሆን አለበት። ለአንድ ሊትር ትኩስ ከርከዴ 2 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ አበባ የሚበቃችሁ ከሆነ፣ ለቀዝቃዛው 4 አድርጉ።

እኔ የምወደው ዘዴ አራቱን ማንኪያ በግማሽ ሊትር ፍል ውሃ ብቻ መዘፍዘፍ ነው። ከተጠለለ በኋላ ቀሪውን ግማሽ ሊትር በቀዝቃዛ ውሃና በበረዶ እሞላዋለሁ። ጣዕሙ አይጠፋም፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ትኩሱን ስትቀምሱት «ይሄማ በዛ» ካሰኛችሁ ልኩን አግኝታችኋል።

እንዲጠነክር ብሎ እሳት ላይ ማቆየት

የሚጨመረው ቅጠሉ ነው እንጂ ሰዓቱ አይደለም። ሁሉንም ባንድ ላይ ከትቶ ማንተክተክም አያዋጣም፣ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው።

ከርከዴ መንተክተክ አይወድም። ውሃው ሲፈላ እሳቱን አጥፍቶ፣ አበባውን ጨምሮ፣ ከድኖ 10 ደቂቃ መተው ይበቃል። ብዙ ከፈላ አፍ የሚያደርቅ ኮምጣጣ ይሆንና ስኳር ያስበላል። ጠጅ ሳር ግን ተቃራኒው ነው። የታችኛው ነጭ ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ መዓዛውን በቀላሉ አይለቅም። ቆራርጦ፣ በሙቀጫ ቀጥቀጥ አድርጎ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል በቀስታ ማፍላት ያስፈልገዋል።

በሰሜን ሸዋና በባሌ ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ መዓዛው ያለው በቅጠሉ ዘይት ውስጥ ነው። ዘይቱ ደግሞ በእንፋሎት ይበናል። ፍል ውሃ ውስጥ ጨምሮ ወዲያው መክደን፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ማጥለል ነው። ቤቱን የሚያውደው ሽታ ከብርጭቋችሁ የጎደለው ነው።

ናናን ጭራሽ እሳት ላይ አታድርሱት። ታጥቦ፣ በእጅ ጨምደድ ተደርጎ፣ ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይገባል።

የአሉሚኒየም ድስት

ከርከዴና ሎሚ ኮምጣጣ ናቸው። አሲዳቸው አሉሚኒየሙን ይነካዋል፣ መጠጡ ብረት ብረት ይላል፣ ደማቁ ቀይ ቀለምም ሊበላሽ ይችላል። ስቲል ወይም ያልተላጠ ኢናሜል ተጠቀሙ። የመስታወት ጆግ ካላችሁ ደግሞ ፍሉን በቀጥታ አትገልብጡበት፣ ይሰነጠቃል።

በረዶውን ከማንኛውም ውሃ መሥራት

ይሄኛው ከጣዕም በላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሻዩን በደንብ እናፈላና፣ በረዶውን ከቧንቧ ወይም ከሮቶ በቀጥታ በተቀዳ ውሃ እንሠራለን። ማቀዝቀዝ ጀርምን አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። በረዶው ብርጭቆ ውስጥ ሲቀልጥ ይነቃል። ከዚያ ሆዳቸውን የታመሙት ልጆች በሻዩ ያማርራሉ። ለበረዶውም፣ መጨረሻ ላይ ለሚጨመረው ቀዝቃዛ ውሃም፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። የበረዶ ማውጫውንም በሳሙና ማጠብ አትርሱ።

ከዚህ የተሻለ መላም አለ። ከሻዩ ትንሽ ቀንሳችሁ ራሱን ሻዩን በረዶ አድርጉት። ሲቀልጥ የሚያቀጥነው ነገር አይኖርም። የከርከዴ በረዶ የሎሚ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቀስ እያለ ያቀላዋል፣ ልጆች ይወዱታል።

ፀሐይ ላይ መዘፍዘፍ፣ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር

ቅጠልና ውሃ በጠርሙስ አድርጎ ፀሐይ ላይ የሚያወጣ ሰው አለ። ሲያዩት ያምራል፣ ግን ውሃው ቢሞቅ 55 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚደርሰው። ያ ጀርም ለመግደል አይበቃም፣ ለማራባት ግን ይመቻል። ያለ እሳት ለመሥራት ከፈለጋችሁ ከርከዴን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። እንዲያውም ለስለስ ያለ ጣዕም ይሰጣል።

የተፈላውም ቢሆን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ፍሪጅ ውስጥ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ይሆናል፤ ቅጠሉ ግን መጀመሪያውኑ ተጠልሎ መውጣት አለበት፣ አለዚያ እየመረረ ይሄዳል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ድፉት።

ስኳሩን መጨረሻ ላይ መጨመር

በረዶ ያለበት ሻይ ውስጥ ስኳር በቀላሉ አይሟሟም። ታች ይቀመጣል፣ እኛም ሳይጣፍጥ ሲቀር እንደግመዋለን። ትንሽ ስኳር በትንሽ ፍል ውሃ አሟሙታችሁ ለብቻው አቅርቡት። ሁሉም የራሱን ይጨምራል፣ ስኳር በሽታ ያለበት እንግዳም አይቸገርም። ማር ከሆነ ሻዩ ለብ ሲል ይጨመር። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም።

ሎሚ ሁልጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ። ከርከዴ ላይ ባይገባም ይሻላል፣ በራሱ ይበቃዋል።

ቅጠል ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል ማለት

ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም ደስ የሚል ሽታ አለው። ሆኖም አፍልቶ በጆግ መጠጣት ሌላ ነገር ነው፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደገኛ ነው። ከርከዴም ለነፍሰ ጡር አይመከርም። የደም ግፊትንም ዝቅ ያደርጋል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየቀኑ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ለእንግዳ ስታቀርቡም ጆጉ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩ።