የባቡር ማዞሪያና ክብ ጋራዥ በሞዴል ሐዲድ ላይ አተካከል

በሞዴል ሐዲድ ላይ የባቡር ማዞሪያ ድልድይና (በክብ ጉድጓድ ውስጥ እየዞረ ሎኮሞቲቭን ወደሚፈለገው ሐዲድ የሚያቀና ድልድይ) የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች የሚያድሩበትን ክብ ጋራዥ ለመትከል ያሰበ ሰው፣ ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ቆጥሮ በወረቀት ላይ ሳይጨርስ መጋዝ ባያነሣ ይሻላል። ማዞሪያውን አስቀድሞ ተክሎ ጋራዡን በተረፈው ቦታ ማስገባት የማያዋጣው፣ ጋራዡ ከማዞሪያው የሚርቅበትን መጠን የሚወስነው ከማዞሪያው ወደ ጋራዡ በሮች በሚዘረጉት ሐዲዶች መካከል ያለው ማዕዘን ስለሆነ ነው። በተለይ ባቡር ባልደረሰባት በጎንደር፣ ዕቃው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ በመሆኑ፣ ያልገጠመውን መልሶ መቀየር አይታሰብም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከማዞሪያው እምብርት እስከ ጋራዡ በሮች ያለው ርቀት የሚገኘው፣ ለአንድ በር የተመደበው ስፋት በግማሽ ማዕዘኑ ታንጀንት እጥፍ ሲካፈል ነው። እውነተኛውን 87 ጊዜ በሚያሳንሰው የኤችኦ (1፡87) ልኬት ለአንድ በር ከነምሰሶው 60 ሚሊ ሜትር ቢመደብና ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ በሮቹ ከእምብርቱ 343 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ የጉድጓዱ ስፋት 310 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ከጠርዙ እስከ በሩ 188 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው። ማዕዘኑ ወደ 15 ዲግሪ ሲሰፋ ይህ ቦታ ወደ 73 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ወደ 7.5 ዲግሪ ሲጠብ ግን ከ300 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ጠረጴዛው በመኖሪያ ቤት አንድ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፣ የክፍሎቹን ቁጥር ቀንሶ 15 ዲግሪን መምረጥ የሚበጅ ይመስለኛል። ማዞሪያው የሚቆምባቸው ቦታዎችም ከጋራዡ ጋር መስማማታቸው ይረጋገጥ፤ 48 መቆሚያ ያለው ማዞሪያ በየ7.5 ዲግሪው ስለሚቆም 15 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ለ10 ዲግሪ ጋራዥ ግን አይሆንም። ድልድዩ ከረጅሙ ሎኮሞቲቭ ጥቂት ሊረዝም ይገባል፤ የጋራዡ ጥልቀትም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲን መስመር በሞዴል መሥራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውል። የዚያ መስመር ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር፣ በ1፡87 ልኬት 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል፤ ለመደበኛው 16.5 ሚሊ ሜትር የተሠራ ማዞሪያ የድልድዩ ሐዲድ ካልተቀየረ አያገለግለውም።

ልኬቱ ሲያልቅ ሥዕሉ በእውነተኛ መጠኑ በትልቅ ወረቀት ላይ ተሥሎ በጠረጴዛው ላይ ይነጠፍ። የጉድጓዱን ክብ በምስማርና በሲባጎ ማስመር ይቻላል፤ የክቡ መጠን ግን ከማሸጊያው ጽሑፍ ሳይሆን ከዕቃው ራሱ ይለካ። ከቆረጣው በፊት ከጠረጴዛው ሥር ያለው ወራጅ እንጨት የሞተሩን ቦታ እንዳይዝ መፈተሽ ያስፈልጋል።

እንጨቱን በሚመለከት የጎንደር ክረምት ችላ የሚባል አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት ያልተቀባ ጣውላ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ይኮማተራል፤ ትንሽ የከፍታ ልዩነት ሎኮሞቲቭን ከሐዲድ ለማስወጣት ይበቃል። ስለዚህ ከአንድ ወጥ ጣውላ ይልቅ ወፍራም ኮምፔንሳቶ መጠቀም፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ጨምሮ ከላይም ከታችም ቫርኒሽ መቀባት፣ ከጉድጓዱ ሥርም ደጋፊ እንጨቶችን በኮላና በብሎን ማሰር ይገባል። ማዞሪያው ከተቀመጠ በኋላ በውሃ ልክ በሁለት አቅጣጫ ይመዘን፤ ዝቅ ያለበት ቦታ በስስ ካርቶን ይሞላ።

የሐዲዱ ጫፎች የሚታሰሩት በመጨረሻ ነው። ድልድዩ በመቆሚያው ላይ ቆሞ፣ የድልድዩና የውጪው ሐዲድ ራስ በቀጥታ ማስመሪያ ተመሳስሎ፣ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ በተተከለ የነሐስ ብሎን ላይ ሐዲዱን መበየድ ከሙጫ ይልቅ ለዓመታት ይጸናል። ከእያንዳንዱ ሐዲድ በኋላ ድልድዩ ዞሮ በሌላኛው ጫፉም ይሞከር፤ በአንደኛው ጫፍ የተስተካከለው በሌላኛው የሚዛነፍ ከሆነ ስህተቱ ያለው ሐዲዱ ላይ ሳይሆን እምብርቱ ላይ ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው፣ ድልድዩ ግማሽ ዙር ሲዞር የሁለቱ ሐዲዶች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስለሚገለባበጥ ነው፤ ያለ መፍትሔ ከተተወ ሎኮሞቲቩ ከድልድዩ ሲወጣ ሾርት ይፈጠራል። በተራ 12 ቮልት ሥርዓት ለድልድዩ ብቻ የሚያገለግል መገልበጫ ማብሪያና ማጥፊያ ይበቃል። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በየራሱ ትእዛዝ በሚነዳበት በዲጂታል ሥርዓት ግን ራሱ የሚገለብጥ ሞጁል ቢገባ ይሻላል፤ ለዚህም የድልድዩ ሐዲድ ከሌላው ሐዲድ ፈጽሞ የተነጠለ መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ የጋራዥ ክፍል የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ቢኖረው፣ የቆሙት ሎኮሞቲቮች አንዱ ሲነዳ አብረው አይነሡም።

ግድግዳው የሠሪው ምርጫ ነው። እኔ ግን ጎንደር ጣቢያ ቢኖራት ኖሮ ጋራዡ ምን ይመስል ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ወደ ፋሲል ግቢ ሄዶ የቡናማውን ድንጋይ አደራረብ፣ የበርና የመስኮት ቅስቶችን የሚያቅፈውንም ቀላ ያለ ድንጋይ አይቶ እንዲመለስ እመክራለሁ፤ የጋራዥ በር ቅስት ሲሆን ያምራልና። ጣሪያው ግን በምንም መልኩ በኮላ አይጣበቅ፤ ከጋራዡ ውስጥ ከሐዲድ የወጣ ሎኮሞቲቭ በእጅ ሊነሣ የሚችለው ጣሪያው የሚነሣ ከሆነ ብቻ ነው።