ማይግሬን ሲነሳብኝ ክኒኔን እንዴት እንደምወስድ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ማይግሬኔ ሲጀምር ግራ ዓይኔን ከውስጥ ይወጋኛል፤ ከዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ አናቴን ይበሳኛል። ድሮ "ይህች ደግሞ ምን ትፈይዳለች" እያልኩ፣ ጨርቁን በእጄ እንደያዝኩ አይቡፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ እውጥና ስፌቴን እቀጥል ነበር። አሁን ግን ትቼዋለሁ።

ያስተወኝ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የቦስተን ጥናት ነው። 66 የማይግሬን ታማሚዎች የመጀመሪያውን ሕመም ምንም ሳይወስዱ አሳለፉ። ለቀጣዮቹ ስድስት ጊዜያት ስድስት ፖስታ ተሰጣቸው። በከፊሉ ሪዛትሪፕታን የሚባል የማይግሬን መድኃኒት አለ፤ በቀሪው ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ፖስታው ላይ የተጻፈው ግን ሁልጊዜ እውነት አልነበረም። "ፕላሴቦ" የተባለው መድኃኒትና "መድኃኒት" የተባለው ፕላሴቦ ሕመሙን በተቀራራቢ መጠን ቀነሱት፤ ከክኒኑ የምንጠብቀውም ይሠራል ማለት ነው። ፕላሴቦ መሆኑ በግልጽ የተነገረው እንኳ ምንም ካለመውሰድ ተሽሏል። ያም ሆኖ፣ ፖስታው ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት ሲሆን ሁልጊዜ የበለጠው መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ መድኃኒታችሁን እንዳትተዉ!

አንድ ጊዜ ሐኪም "ሕመምሽ የሐሳብ ነው" ብሎኝ እያለቀስኩ ወጥቻለሁ። ሕመሙ እውነት ነው። እፎይታውም እውነት ነው።

እንግዲህ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ምልክቱ እንደጀመረ መኪናውን አቆማለሁ፤ እስኪብስ አልጠብቅም። መጋረጃውን እዘጋለሁ። ሁልጊዜ ያው ወንበር፣ ያው ብርጭቆ ነው፤ ሰውነት ይለምዳል። ከመዋጤ በፊት የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበትን ደብተር ከኋላ እገልጣለሁ። እዚያ ሕመሜን ከአሥር እየሰጠሁ፣ ስውጥና ከሁለት ሰዓት በኋላ እጽፋለሁ። "8 ነበር፣ 3 ሆነ" የሚል መስመር አነብና "ባለፈው ረድቶኛል" እላለሁ፤ ድምፄን አውጥቼ። ባዶ ተስፋ አይደለም፤ በእጄ የጻፍኩት ነው። ከዚያ ግንባሬን በሻሽ ጠበቅ አድርጌ አስሬ ጋደም እላለሁ።

ቤተሰብንም ማስተማር ያስፈልጋል። ልጄ በየአሥር ደቂቃው "እማዬ፣ አሁንም አልተሻለሽም?" ትለኝ ነበር። አይሻልሽም እንደማለት ሆነብኝና አስቆምኳት። እናቴ ደግሞ ዳማከሴ አሽታ ግንባሬን ትቀባኛለች። እጇ ብቻውን ያሳርፈኛል፤ ግን ክኒኑን አስቀድማለሁ።

ክኒን የወሰዳችሁበትን ቀንም ቁጠሩ። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀን፣ እንደ ሪዛትሪፕታን ያሉት ደግሞ 10 ቀን ከደረሱና ወራት ከዘለቁ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ጨጓራ ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች አይቡፕሮፌን ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ራስ ምታቱ በድንገት የፈነዳ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ ወይም አፍ የሚያስር፣ እጅና እግር የሚያዝል ከሆነ ግን ሻሽም ደብተርም አትፈልጉ። ቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ።