ሕፃኑ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት

በአዋላጅነት ሥራዬ ከማልረሳቸው እናቶች አንዷ በ34ኛ ሳምንቷ ራስ ምታት ጠንቶባት መጣች። ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች፤ «ደህና ስለነበርኩ ነው» አለችኝ። ግፊቷን ስለካው 160 በ110። የወለደችው ልጅ 1,800 ግራም ብቻ ነበር። የደም ግፊት ሳያሳምም እንደሚጨምር እኔ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ማን ነግሯት? ስለዚህ ልጇ በጤናማ ክብደት እንዲወለድ ለምታረግዝ ሁሉ ይህን እናገራለሁ።

ግፊትሽ በተለካ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠይቂና ጻፊው። 140 በ90 ከደረሰ ከፍተኛ ነው። ልጁ የሚያድገው በእንግዴ ልጁ በኩል በሚያገኘው ደም ነው፤ ከግፊቱ ጋር የደም ሥሮቹ ከጠበቡ ምግብም ኦክስጅንም ያንሰዋል፣ ዕድገቱም ይጓተታል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ካየሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ሂጂ። ባለፈው እርግዝና ግፊት ከነበረብሽ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ተናገሪ። ያቺው እናት ሁለተኛዋን ስታረግዝ በ10ኛ ሳምንቷ መጥታ ነገረችን፤ ሐኪሙ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን አዘዘላት፣ በቅርብም ተከታተልናት። ልጇ 2,900 ግራም መዘነች። አስፕሪኑን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትጀምሪ።

ደም ማነስም ልጁን ያቀጭጨዋል። በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሄሞግሎቢንሽ፣ ማለትም በደምሽ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ከ11 (ግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ደም ማነስ አለብሽ ማለት ነው። የአይረን ኪኒኑን ከሻይና ከቡና አርቀሽ ውሰጂ፤ ሁለቱም አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ የኪኒኑ ጠባይ ነው። ካቅለሸለሸሽ ማታ ስትተኚ ዋጪው። በዚህ ምክንያት ብቻ ኪኒኑን የጣሉ ብዙ እናቶች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ትልቅ ልጅ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው ብለሽም አትዘናጊ። 4,300 ግራም የመዘነ ሕፃን ተወልዶ ቤተሰቡ እልል ሲል እኔ ተረከዙን ወግቼ ስኳሩን እለካ ነበር፤ ወርዶ ተገኘ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእናት ስኳር ሲበዛ ወደ ልጁም በብዛት ያልፋል፣ ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ልጁ የራሱን ኢንሱሊን በብዛት ያመነጫል፤ ይወፍራል፤ ሲወለድ ትከሻው ሊያዝ ይችላል፤ እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ስኳሩ ድንገት ይወርዳል። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የስኳር ምርመራ አድርጊ። ከተገኘብሽም በምግብና በእንቅስቃሴ፣ ካስፈለገም በመድኃኒት ይስተካከላል።

የሽንት ኢንፌክሽን፣ ወባ ባለበት ቦታ ወባ፣ ሲጋራና አልኮልም የልጁን ክብደት ይቀንሳሉ። ትኩሳት ወይም ሽንት ሲወጣ ማቃጠል ካለ ቶሎ ታከሚ።

ሌላው ሜትር ነው። ከ24ኛው ሳምንት ጀምሮ ሆድሽ ሲለካ ሴንቲሜትሩ ከሳምንቱ ጋር ይቀራረባል፤ በ30ኛው ሳምንት 30 አካባቢ ይሆናል። ወደ ኋላ ከቀረ «አልትራሳውንድ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ለዚህ ግን የእርግዝናሽ ዕድሜ በትክክል መታወቅ አለበት። የመጀመሪያውን የአልትራሳውንድ ወረቀት አትጣይው፣ ለምጥም ስትመጪ ያዢው። ልጁ ከ2,500 ግራም በታች ከሆነ፣ ቀኑ ሳይደርስ ተወልዶ ነው ወይስ ሆድ ውስጥ ሳለ ምግብ አንሶት? ያ ወረቀት ይህን ለመለየት ይረዳናል፤ እንክብካቤውም እንደዚያው ይለያያል።