ፍላት ስክሪን ሞኒተርን ከቆየ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር ስለ ማገናኘት

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናም ሆነ በመሐል ሜዳ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው፣ ዕድሜያቸው ቢገፋም ሥራቸውን ያላቋረጡ ዴስክቶፖች አይታጡም። ጀርባው ወፍራም የሆነው አሮጌ ሞኒተር ሲበላሽ ወይም ዓይን ማድከም ሲጀምር ሙሉ ኮምፒውተሩን መለወጥ አያስፈልግም፤ ሞኒተሩን ብቻ በፍላት ስክሪን መተካት ይቻላል። ነገር ግን ሞኒተር ከመግዛትዎ በፊት የሲፒዩውን ጀርባ በደንብ ይመልከቱ፤ በስልክዎም ፎቶ አንሥተው ይያዙ። ዕቃውን ለመግዛት ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው ይህ ፎቶ ሁለተኛ መንገድ ያስቀርለታል።

ከጀርባው በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ቀዳዳዎች ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያለው ማገናኛ ካለ ቪጂኤ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቀው ይህ ማገናኛ የሚያስተላልፈው አናሎግ ሲግናል ሲሆን፣ በብዙ አዳዲስ ሞኒተሮች ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ የሚባለው ማገናኛ ግን የሚቀበለው ዲጂታል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ ያለው ተራ ኬብል ገዝቶ መሰካት ምስል አያመጣም። የሚያስፈልገው ሲግናሉን ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር፣ ብዙ ጊዜ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚያገኝ ኮንቨርተር ነው፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው በመልክ ቢመሳሰልም ለዚህ ሥራ አይሆንም። በእኔ አስተያየት ራሱ ቪጂኤ ያለው ሞኒተር ፈልጎ መግዛት ከሁሉ ይሻላል፤ በመካከል የሚገባ ዕቃ ባነሰ ቁጥር የሚበላሸውም ያንሳል።

አሮጌው ሞኒተር አሁንም የሚሠራ ከሆነ ከመንቀሉ በፊት አንድ ማስተካከያ ይደረጋል። በእነዚያ ሞኒተሮች የምስሉን መርገብገብ ለመቀነስ ሪፍሬሽ ሬቱ (ምስሉ በሴኮንድ የሚታደስበት ብዛት) 75 ወይም 85 ኸርዝ ላይ ይደረግ ነበር፤ ብዙ ፍላት ስክሪኖች ግን የተሠሩት ለ60 ኸርዝ ስለሆነ ምስሉን በማሳየት ፈንታ «አውት ኦፍ ሬንጅ» የሚል ጽሑፍ ያወጣሉ፤ ገዢውም የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት ይመስለዋል። አስቀድሞ 60 ኸርዝን መምረጥ ይህን ያስቀራል። አሮጌው ሞኒተር ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ አዲሱን ሰክተው ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ8ን ደጋግመው ይጫኑና በኤክስፒ «ኢኔብል ቪጂኤ ሞድ»፣ በዊንዶውስ 7 «ኢኔብል ሎው ሪዞሉሽን ቪዲዮ» የሚለውን ይምረጡ።

ሞኒተሩ ከብርድ ወደ ሙቀት የመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ከገባ፣ በውስጡ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል መብራት ሳይሰኩ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉና የኬብሉን ጫፍ በብርሃን ይመልከቱ። ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ፒን የጎደለ ቢመስል አይደንግጡ፤ በብዙ የቪጂኤ ኬብሎች ዘጠነኛው ፒን ሲሠራም አይኖርም። የተጣመመ ፒን ካለ ግን ሳይቃና አይሰካ። ሰፊው የማገናኛው ጎን ከሰፊው ጋር ሲገጥም ያለ ጉልበት ይገባል፤ የግራና የቀኝ ብሎኖቹንም በጣት ብቻ ያጥብቁ። ኮምፒውተሩ ለብቻው የተሰካ የቪዲዮ ካርድ ካለው ከዋናው ቦርድ ሳይሆን ከካርዱ ማገናኛ ላይ ይሰኩ፤ «ኖ ሲግናል» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሞኒተሩንም ዩፒኤሱ ላይ መሰካት ይገባል፤ ፍላት ስክሪን ከአሮጌው ያነሰ ኃይል ስለሚወስድ ባትሪው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ምስሉ ከመጣ በኋላ ያለው ሥራ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ዋነኛው ነው። ፍላት ስክሪን በቋሚ ነጥቦች የተሠራ በመሆኑ ከራሱ ሪዞሉሽን (ወደ ጎንና ወደ ታች ካሉት የነጥቦች ብዛት) ውጭ ሲሠራ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ በትንሽ መጠን ሲጻፍ «ጸ»ን ከ«ጽ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» መለየት ያስቸግራል። የሞኒተሩ መመሪያ 1920 በ1080 ወይም 1366 በ768 የሚል ከሆነ ያንኑ ይምረጡ። ከዝርዝሩ ከሌለ የቪዲዮ ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከቪዲዮ ክፍሉ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ይጫኑ፤ ያም ካልረዳ ምስሉ ወደ ጎን እንዳይለጠጥ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለውን፣ ለምሳሌ 1280 በ720ን ይውሰዱ። በኤክስፒ ፊደሉን የሚያጠራው ክሊርታይፕ ተዘግቶ ስለሚመጣ ከዲስፕሌይ ፕሮፐርቲስ አፒራንስ፣ ቀጥሎም ኢፌክትስ በሚለው ገብተው ይክፈቱት። በመጨረሻም ጽሑፍ የሞላበት ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሙሉ እንዲሸፍን አድርገው ከሞኒተሩ ላይ «አውቶ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሞኒተሩ የምስሉን ዳር በትክክል የሚያገኘው እንዲህ ያለ ገጽ ሲቀርብለት ነው፣ በጥቁር ገጽ ላይ ከተጫነ ግን ምስሉን ወደ አንድ ጎን ሊገፋው ይችላል።