ስልካችሁ «ስቶሬጅ ሞልቷል» ሲል ፎቶ ለመሰረዝ አትቸኩሉ

ይህ መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ጋለሪ ነው። የልጁን ፎቶ፣ የሰርጉን ቪዲዮ ይሰርዛል። ቦታውን የያዘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሴቲንግ ገብታችሁ «ስቶሬጅ» የሚለውን ክፈቱ (አይፎን ላይ «ጄነራል» ውስጥ ነው)። የትኛው አፕ ምን ያህል እንደያዘ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

«ምንም ሳልጭን በየቀኑ ይሞላል»

አብዛኛውን ጊዜ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ነው። ቴሌግራም ላይ ያያችሁት ቪዲዮና ፎቶ ሁሉ ስልኩ ላይ ቅጂው ይቀራል። ሴቲንግ፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ግቡና «ክሊር ካሽ» በሉ። ፋይሉ ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልጉት መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ፤ ቻናሉ ከተዘጋ ወይም ላኪው ካጠፋው ግን አይገኝም። እዚያው ገጽ ላይ የወረዱ ፋይሎች ከ1 ሳምንት በኋላ ራሳቸው እንዲጠፉ አስተካክሉ። በራሱ ማውረዱንም ዝጉት፤ ካልዘጋችሁት ተመልሶ ይሞላል።

ዋትስአፕ እንዲህ አይደለም። እዚያ የሰረዛችሁትን ላኪው ደግሞ ካልላከላችሁ ብዙ ጊዜ አታገኙትም። «ማኔጅ ስቶሬጅ» ውስጥ ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆኑትንና ብዙ ጊዜ ፎርዋርድ የተደረጉትን ለይቶ ያስቀምጥላችኋል። ከነሱ ጀምሩ፤ በአብዛኛው ማንም የማይናፍቃቸው ናቸው።

«ፎቶ ሰረዝኩ፣ ቦታው ግን አልጨመረም»

የተሰረዘው ገና ትራሽ ውስጥ ነው። አይፎን 30 ቀን ያህል ያቆየዋል። ጉግል ፎቶስ ባካፕ የተደረገውን (ኦንላይን ቅጂው የተቀመጠውን) 60 ቀን፣ ያልተደረገውን 30 ቀን ይይዛል። ትራሹን አንዴ አይታችሁ ባዶ አድርጉት።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ! ባካፕ የተደረገ ፎቶ ጉግል ፎቶስ ውስጥ ሆናችሁ ስትሰርዙ ከስልኩም ከኦንላይኑም ይጠፋል። ስልኩ ላይ ብቻ ቦታ ከፈለጋችሁ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ባካፕ የተደረገውን ብቻ ከስልኩ ያነሳል።

«ሚሞሪ ካርዴ ባዶ ነው፣ አፕ ግን አይጫንም»

አፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው በስልኩ በራሱ ስቶሬጅ ላይ ነው። ፎቶና ቪዲዮውን ወደ ካርዱ አዛውሩ።

«64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠልኝ ስልክ ያን ያህል ቦታ የለውም»

ብልሽት አይደለም። ሲስተሙ ራሱ ብዙ ጊጋባይት ይወስዳል።

አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ አንድ አፕ ስትከፍቱ «ክሊር ካሽ» እና «ክሊር ዳታ» ጎን ለጎን ስለሚመጡ ከመንካታችሁ በፊት አንብቡ። የመጀመሪያው ጊዜያዊ ፋይል ብቻ ያጠፋል፤ ሁለተኛው አፑን እንደ አዲስ ስለሚያደርገው ከአካውንታችሁ ያስወጣችኋል፣ ስልኩ ላይ ብቻ የነበረውንም ይዞ ይሄዳል። «ስልክ አጽጂ» የሚባሉትን አፖች ደግሞ እኔ አልመክርም፤ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ፣ የሚሰሩትንም ስልካችሁ በራሱ ይሰራዋል።