በየምሽቱ 15 ደቂቃ፦ የእግዚአብሔርን መግቦት በዕለቱ ውስጥ ለማየት

የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የሆነው ካቶሊካዊው ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ (1491–1556) ያስተማረው የኅሊና ምርመራ፣ ማለትም የቀኑን ውሎ በጸሎት መከለስ፣ አምስት ክፍል አለው፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ከእራት በኋላ፣ እንቅልፍ ሳይጫንዎት ይቀመጡ። አልጋ ላይ ተጋድመው ከጀመሩት ሁለተኛው ክፍል ላይ ያሸልባሉ።

መጀመሪያ ምስጋና ነው። “ስለ ሁሉም ተመስገን” ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ነገር በስሙ ይጥሩ፦ በሰዓቱ የመጣው ታክሲ፣ ጎረቤት ያበደረችው በርበሬ፣ የልጁ ትኩሳት መብረዱ። በእግዚአብሔር መግቦት፣ ማለትም በእንክብካቤውና በጥበቃው፣ መታመን የሚለመደው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ቀጥሎ መንፈስ ቅዱስ እንዲያበራልዎ ይለምኑ፤ ከዚያ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ሰዓት በሰዓት ይከልሱ። ልብዎ የተጨነቀው የት ነበር? ማን ደገፈዎት? ይቅርታ ይጠይቁ፣ ለነገ አንድ ቁርጥ ውሳኔ ያድርጉ፣ በ“አባታችን ሆይ” ይዝጉ።

ብዙ ሰው ኃጢአት ብቻ ይቆጥራል፤ ያን ጊዜ ጸሎቱ ክስ ይሆንና በሳምንቱ ይቋረጣል። ሌላው ስሕተት መከራን በግድ “መልካም” ማለት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር ከክፉ እንኳ በጎ ማውጣት እንደሚችል ታስተምራለች እንጂ ክፉውን በጎ አትለውም። ያዘኑ ዕለት ሐዘንዎን እንዳለ ይንገሩት።

ከባድ ኃጢአት ካስታወሱ ግን ይህ ምርመራ ምስጢረ ንስሐን አይተካም፤ ለካህን ይናዘዙ።